ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈኑት

እሑድ ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብስ አጠብን። እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሳቸው ሌላውን ይዘን ልንጨምቀው ግቢው መሃል ቆምን። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ወደ ተገቢው አቅጣጫ ጠምዝዘው አያውቁም፤ እኔ ወደማዞርበት እሳቸውም ስለሚያዞሩ ብርድ ልብሱ ይንከባለላል እንጂ አይጨመቅም። «አንተ ሰውዬ፣ በተቃራኒው!» አልኳቸው። «እኔ ትክክል ነኝ፤ አንቺ ነሽ ዞረሽ የቆምሽው» አሉኝ። ውሃው ጫማቸው ላይ ወረደ። ተሳሳቅን፤ እንደ ምንም ጨምቀን ገመድ ላይ ሰቀልነው። በማግስቱ ሰኞ፣ ብርድ ልብሱ ገና ሳይደርቅ፣ ባለቤቴ መምህር ኪዳነ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር፣ የባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ አረፉ።

እነሆ ዓመት ሞላቸው። የሕይወት ታሪካቸው ቀብራቸው ላይ ተነብቧል፤ የትውልድ ቦታቸው፣ የተማሩበት፣ ያስተማሩበት ሁሉ ተዘርዝሯል። ያን ልደግመው አይደለም የተቀመጥኩት። ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ አንድ መስመር ጽፌ አንድ ቀን እቆጣለሁ፤ ቁጣዬ ሲበርድ ሌላ መስመር እጽፋለሁ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቃሉ ሻካራ ሆኖ ካገኘኸው ሳላውቅ የጻፍኩት እንዳይመስልህ።

የማታውቁኝ እንዳላችሁ እገምታለሁ። የወልድያ ልጅ ነኝ፤ አማርኛ ላስተምር ወደ መቐለ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነበር። የእሳቸው አማርኛ «ዐለት»ንና «ሐሳብ»ን ከጉሮሮ ቆፍሮ የሚያወጣ፣ ሲናደዱ ደግሞ ጨርሶ ትግርኛ የሚሆን ነበር። ብዙዎቻችሁ ግን የእሳቸውን የጂኦግራፊ ክፍል አልፋችኋል፤ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይዘዋችሁ የሚወጡትን ነጩን ገደልም ታውቁታላችሁ። የሰፈሩ ሰው «ጻዕዳ ጸድፊ» ይለዋል፤ ከዓይናለም ወዲያ፣ ከተማው ወደ ገጠር በሚያልቅበት በኩል ነው።

ከሮማናት አደባባይ ሎሚ ገዝተው በኪሳቸው ይዘው ይወጡ ነበር። ድንጋዩን በቁልፋቸው ፍቀው ዱቄት ያወጣሉ፤ ሎሚውን ይጨምቁበታል። «ጆሮ ጠጋ፣ ጠጋ!» ይላሉ። ዱቄቱ ሲፍለቀለቅ ይሰማል። «ይህ ባሕር ነበር። ቀንድ አውጣው ሲሞት ቅርፊቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል፤ ይጠነክራል። የኖራ ድንጋይ የሚሉት ይህ ነው። እንግዲህ የቆማችሁት መቃብር ላይ ነው፤ ጫማችሁን ግን አታውልቁ፣ እሾህ አለ።» ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይስቁ ነበር፤ ተማሪው ሳቀም አልሳቀም።

ከዚያ ከገደሉ ጫፍ ወደ ሥሩ ያወርዷችኋል። ከነጩ በታች ያለውን ግራጫ፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ደረቀ ቂጣ የሚፈረካከሰውን ንጣፍ ያሳያሉ። «ይኼ የጭቃ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ከላይ በነጩ ድንጋይ ስንጥቅ ይገባል። እዚህ ሲደርስ ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ጎን ይወጣል። ሲወጣ ግን ባዶ እጁን አይወጣም፤ በየክረምቱ ትንሽ ጭቃ ይዞ ይወጣል። ሥሩ እየተበላ ሲሄድ ላዩ አየር ላይ ይቀራል። አንድ ቀን የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል።» ከዚያ በእጃቸው ወደ እርሻው ያመለክታሉ፤ እዚያ መሃል ቤት ቤት የሚያካክሉ ቋጥኞች ተቀምጠዋል፤ ገበሬው ዙሪያቸውን ያርሳል። «እነዚያን ማን የዘራቸው ይመስላችኋል? ገደሉ በድሮ ጊዜ እዚያ ነበር። እየወደቀ፣ እየወደቀ ነው እዚህ የደረሰው። ተራራ እንዲህ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው። አልቆመም፤ እናንተ ዕድሜያችሁ አጭር ስለሆነ ነው የቆመ የሚመስላችሁ።»

ስንጥቁን ያገኙት ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ ነው። ሎሚያቸው ከእጃቸው አምልጦ በገደሉ ጫፍ ባለው ሣር መካከል ተንከባለለና ጠፋ። ሊፈልጉት ሲንበረከኩ ሣሩ ሥር ከጫፉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ክፍተት አገኙ። ጠጠር ጣሉበት። ሌላ ጠጠር ጣሉበት። ቤት ሲመጡ ጉልበታቸው ነጭ አፈር ነበረ። «ምን ሆንክ?» አልኳቸው። «ጠጠሩ ሲያርፍ አልሰማሁትም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ በመጨረሻው ቅዳሜ እዚያ ይወጡ ጀመር። በስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት አጭር ፌሮ ቸነከሩ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር እየለኩ በሰማያዊ ደብተር ይጽፋሉ። በበጋ ምንም የለም። ክረምት በወጣ ቁጥር የጥፍር ውፍረት ያህል ይሰፋል። ይኸው ነው። ለዚህ የጥፍር ውፍረት ብለው ሠርግ ቀርተዋል፤ የገዛ ወንድሜን ልጅ ክርስትና ቀርተዋል፤ እኔም ያን ቀን ያላልኳቸው የለም።

በገደሉ ሥር መጀመሪያ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ስዋ የሚባለውን የትግራይ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ፣ ሰዉ ሁሉ «ኣደይ»፣ እናቴ፣ የሚላቸው ለተብርሃን የሚባሉ አሮጊት ቤት። ከተማው ሲሰፋ ቤቶቹ አሥራ አንድ ደረሱ። አብዛኛው ተከራይ ነው፤ ከወሎ ለቀን ሥራ የመጡ ግንበኞችና ቤተሰቦቻቸው። መምህር ኪዳነ ከገደሉ ሲወርዱ በየቤቱ ያልፉ ነበር። ሰዉም «መምህር ይወድቃል» የሚል ስም አወጣላቸው። እሳቸው በፊታቸው ሲጠሩበት አይከፉም።

«መምህር፣ ሎሚዋን የዋጠው ስንጥቅስ ስንት ደረሰ?» ይሏቸዋል ኣደይ ለተብርሃን።

«አንድ ሚሊ ሜትር ጨምሯል፣ ኣደይ።»

«ዋይ! እኔ ዘንድሮ ከዚያ በላይ አጥሬያለሁ። እኔንም ለካኝ።»

ሰማዩ ሲከብድ ባጃጅ ይዘው ሄደው አሮጊቷን ወደ ቤታችን ያመጡ ነበር። ኣደይ ለተብርሃን ከነ እንስራቸው ይመጡና ጣሪያችንን ቀና ብለው አይተው፣ «የሚያፈሰው የእናንተ ጣሪያ፤ የምትሸሹት የእኔን ተራራ» ይሉናል። ባለቤቴ በገደሉ አናት ላይ ውሃው ወደ ስንጥቁ እንዳይገባ የሚያዞር ቦይም በእጃቸው ቆፍረዋል። ሁለት ክረምት ፈጀባቸው። መዳፋቸው ሲላላጥ ቅባት የቀባሁላቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ማንም ሰው መጥቶ «እንዲህ ያለ ቦይ የሠራነው እኛ ነን» ቢለኝ በጥፊ ነው የምለው።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቱ ልምጣ። ስሙን አልጠራም፤ የሚመለከተው ራሱን ያውቃል። መምህር ኪዳነ ደብተራቸውን፣ ሥዕላቸውን፣ የቤቶቹን ዝርዝር ይዘው የሄዱት አንዴ አይደለም። አንድ ጊዜ እኔም አብሬያቸው ነበርኩና ኃላፊው ፊት የተነጋገሩትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«መቼ ነው የሚወድቀው?» አለ ኃላፊው።

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ምን ይዘው መጡ?»

«እንደሚወድቅ።»

«መምህር፣ በዚህ ዓለም ላይ የማይወድቅ ነገር የለም እኮ።»

«ልክ ነህ። የሰው ልጅ ግን በሚወድቅ ነገር ሁሉ ሥር አልጋ አይዘረጋም።»

ኃላፊው ሳቀ። ሥዕሉን ወደ እሳቸው አዙሮ መለሰው። «ቀኑን ሲያውቁ ይምጡ፤ በጀት በግምት አይያዝም» አለ።

በመንገድ ላይ ለመንኳቸው። አዎ፣ እንዲዋሹ ለመንኳቸው። «ዘንድሮ ይወድቃል በላቸው። አንድ ቃል ናት። አሥራ አንድ ቤት ይነሣል፤ ሌላው ቢቀር ምን ታጣለህ?»

«ዘንድሮ ካልወደቀስ?»

«ተመስገን ይባላል!»

«አይባልም። ዋሸን ይባላል። ከዚያ በኋላ እውነት የሚወድቅበት ጊዜ ሲደርስ ብጮህ ማን ቀና ይላል? የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አንድም ልጅ አላስተማርኩም፤ አሁን በሽምግልናዬ ልጀምር?»

«ልጆቹ ሥሩ ተኝተዋል፣ ኪዳነ!»

«እኔ ረስቼዋለሁ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን አላናገርኳቸውም። ዛሬም ልክ የነበርኩ ይመስለኛል፤ ልክ የነበሩም ይመስለኛል። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

ከመሞታቸው ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው ወጡ። በምሳ ሰዓት ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ስንጥቁ የለም። ሰዎች መጥተው ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ደፍነውታል፤ ላዩን እንደ ሳሎን ወለል አለስልሰውታል። ፌሮዎቹም ተውጠዋል። የዓመታት ልኬት መነሻውን አጣ። ሰይድ የሚባል ግንበኛ፣ በዚያው በገደሉ ሥር ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖር፣ እያለቀሰ ቤታችን ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መምህር ፈልገውት ነው ብለውኝ ነው ወላሂ! እኔ ደግሞ የመምህር ሥራ ነው ብዬ በደንብ ነው የጠቀጠቅኩት።»

«በደንብ ጠቅጥቀሃል፣ ልጄ» አሉት ባለቤቴ። ሰይድን አልተቆጡም። እሱ ከሄደ በኋላ ግን በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹ፤ በትግርኛ፣ ጎረቤት እስኪወጣ። «ተራራ ጥርስ ነው? ቦርቡረው የሚሞሉት ጥርስ ነው?»

መሥሪያ ቤቱ «የገደሉ ስንጥቅ ተጠግኗል» የሚል ሪፖርት ከነፎቶግራፉ አወጣ። ሰዉም አመነ። ለምን አያምን? የሲሚንቶ ነገር ለዓይን ይታያል፤ የጥፍር ውፍረት አይታይም። በሁለት ወር ውስጥ ከአሥራ አንዱ ቤት ላይ ሦስት ተጨመረ። ክረምቱ ሲገባ ከስንጥቁ ያልፍ የነበረው ውሃ መውጫ አጥቶ ሲሚንቶው ጀርባ ተጠራቀመ፤ መስከረም ላይ ከልስኑ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ አዲስ ስንጥቅ ከፈተ። ባለቤቴ አዲስ ፌሮ ቸነከሩ። በአዲስ ገጽ ላይ ከዜሮ ጀመሩ።

ይህን ሊናገሩ ነው ጥር ላይ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሄዱት። ሐሙስ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባሉ። ዓርብ «መስክ ወጥተዋል» ተባሉ። ሰኞ «ይጠብቁ» ተባሉ፤ ጠበቁ። ጸሐፊዋ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ለምሳ ስትወጣ እንዳይረበሹ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ልጅቷን አልቀየማትም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ለእሳቸው የተጠነቀቀች እሷ ብቻ ናት። የሞቱት በልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ይሁን። እኔ የማውቀው ግን ሦስት ቀን እዚያ ወንበር ላይ መቀመጣቸውን ነው።

በቀብራቸው ዕለት ኃላፊው ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ የአበባ ጉንጉን አስይዞ መጣ። ማይክሮፎን ያዘ። «መምህር ለተራሮቻችን የታገሉ፣ በራችንን ዘወትር የሚያንኳኩ ታላቅ ሰው ነበሩ» አለ። በራችንን የሚያንኳኩ! ሰዉ ዝምታዬን እንደ ሐዘን ቆጠረው። ሐዘን አልነበረም፤ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ከአርባቸው በኋላ ያደረግሁትን አሁን እናገራለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሚያዝያ ላይ ወደ ነጩ ገደል ሄጄ የቤት ባለቤቶችንና ተከራዮችን በኣደይ ለተብርሃን ግቢ ሰበሰብኳቸው። «መምህር በሞቱበት ዋዜማ ኑዛዜ ትተውልኛል። ይህ ገደል በዚህ ክረምት ይወርዳል ብለዋል» አልኳቸው። በዋዜማው የተነጋገርነው ስለ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር።

በአገራችን የኑዛዜን ነገር ታውቃላችሁ። ሰው በሕይወቱ የተናገረውን ይሟገቱታል፤ ሲሞት የተናገረውን ግን የሚነካው የለም። ለዓመታት በደብተር የተጻፈ ቁጥር ያላነቃነቀውን ሰው የእኔ አንድ ውሸት በሁለት ሳምንት አስነሣው። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ወንዶቹ ቆርቆሮ ፈቱ። ሰይድ ልጆቹን በጋሪ ላይ ጭኖ ሲያልፍ እጄን ሳመኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ተናድጄም ነበር፤ እውነቱን በሕይወት ባለ ሰው አፍ ሲነገር አልሰሙትምና።

ኣደይ ለተብርሃን ብቻ ሰዉ ከተበተነ በኋላ እጄን ይዘው አስቀሩኝ።

«ኪዳነ ቀን ቆርጦ አያውቅም» አሉኝ።

እጄን ላስለቅቅ ሞከርኩ።

«ንስኺ ኢኺ» አሉኝ፤ አንቺ ነሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ተነሥተው እንስራቸውን ማጠብ ጀመሩ። «እሄዳለሁ። ለገደሉ ብዬ አይደለም፤ አንቺ ውሸታም እንዳትባዪ ነው።»

ክረምቱ ገባ። እንደዚያ ያለ ዝናብ ካየሁ ቆይቻለሁ። በየጠዋቱ ጆሮዬን ጥዬ እውላለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ እንዲወድቅ የተመኘሁበት ቀን አለ። አልወደቀም። መስከረም ጠባ፤ ገደሉ እንደ ቆመ ነው።

ተመለሱ። ቆርቆሯቸውን መልሰው መቱ። መመለሳቸው አይደለም ያመመኝ፤ ስሙ ነው። «መምህር ይወድቃል» ሲሏቸው ይስቁ ነበር፤ አሁን ግን ሳቅ የለም። አንዷ ሴት ገበያ ላይ በሰው ፊት «ባልሽ ሞቶም አላረፈን» አለችኝ። ሰይድ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ ሟች ይዋሻል ብዬ አላስብም ነበር» አለኝ። ባለቤቴ በመንገድ ላይ የነገሩኝ ቃል በቃል ደረሰ። ዓመታት ሙሉ ከሐሰት የጠበቁትን ስም እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገደል ሰደድኩት። ከስሙ ጋር የደብተሩን ቁጥር ሰደድኩት። ከቁጥሩ ጋር ሥሩ የሚተኙትን ልጆች።

በጥቅምት ወር ደብተሩን ይዤ በየቤቱ ገባሁ። በአሥራ አራቱም ቤት ቆሜ አንድ ዓይነት ቃል ተናገርኩ፦ «መምህር ኪዳነ አልዋሹም። ኑዛዜ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እሳቸው መቼ እንደሚወድቅ አላውቅም ብለው ነው የሞቱት።» የሰደበችኝ አለች። በር የዘጋብኝ አለ። ሰይድ ቤት ስደርስ ሚስቱ መቀመጫ ሰጠችኝ። እሱ ግን ቆሞ ረጅም ጊዜ ደብተሩን አየ።

«አዲሱ ስንጥቅ ምን ያህል ሰፋ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ ሰፈር ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ነገርኩት፤ ራሴ ወጥቼ ለክቼዋለሁ፤ ባለፈው ክረምት የሰፋው ከቀደሙት ክረምቶች ሁሉ ይበልጣል። በሳምንቱ ሰይድ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ሌላም አንድ ቤት ተከተለው። አሥራ ሁለቱ እዚያው ናቸው።

ለእናንተ ለተማሪዎቻቸው፣ ለባልደረቦቻቸው፣ ለቀብር ለመጣችሁ ሁሉ የምናገረው ይኸው ነው። ከእናንተ ውስጥ ዛሬ የሥልጣን ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ብዙ ናችሁ። መታሰቢያ እናቁምላቸው ብላችሁ ደውላችሁልኛል። ሐውልት አልፈልግም። አሥራ ሁለቱን ቤት አንሡ።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ኪዳነ። እስካሁን በሰው ፊት ስለሆንኩ እሳቸው አልኩህ። በቤታችን ግን አንተ ነህ። እቆጣሃለሁ። ሎሚ ይዘህ ወጥተህ የማይበርድ ነገር ይዘህልኝ በመምጣትህ እቆጣሃለሁ። አንድ ቃል ሸርፈህ ብትናገር ኖሮ እዚያ ወንበር ላይ ባልተቀመጥክ። ደግሞ ያንን ቃል ሸርፈህ የምትናገር ሰው ብትሆን እኔም ለሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ባልኖርኩ። ያለ አንተ ፈቃድ በአንተ ስም ዋሽቻለሁ፤ የሠራሁትን በራሴ አፍ አፍርሼዋለሁ፤ ስምህን መልሼልሃለሁ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ልጆቹ አንድ ክረምት በደረቅ ቦታ አድረዋል። አንተ ባለህበት ተጣልተኸኝ ከሆነ ሁለት ቀን ብቻ ይሁን። ደኅና ሁን፣ የእኔ ወንድም፣ የእኔ ጓደኛ፣ የእኔ እልኸኛ። አፈሩ ይቅለልህ።

በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገደሉ እወጣለሁ፤ እለካለሁ፤ ወርጄ በአሥራ ሁለቱም ቤት ቁጥሩን እናገራለሁ።